የፒያኖ መብራት፦ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ እቤቴ ፒያኖና ኪቦርድ አስተምራለሁ። ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ጣት አጣጣል ሊመስላችሁ ይችላል። ተማሪዎችም ወላጆችም ግን ከምንም በላይ የሚጠይቁኝ ስለ መብራት ነው። "ልጁ ኖታው አይታየኝም ይላል"፣ "ከአሜሪካ የመጣልን መብራት ተቃጠለ"፣ "ማታ ማታ ስጫወት ራሴን ያመኛል"። በስልክ አንድ በአንድ መመለሱ ሰለቸኝና ሁሉንም እዚህ ሰብስቤ ጻፍኩት። ቅደም ተከተል አትጠብቁ፣ እንደመጣልኝ ነው።

ኮርኒሱ ላይ አምፖል እያለ ሌላ መብራት ለምን ያስፈልገኛል?

ራሳችሁ ስለምትከልሉት።

የቤታችን አሠራር ያው ነው፦ አንድ አምፖል፣ ክፍሉ መሃል፣ ኮርኒስ ላይ። ቋሚው ፒያኖ ደግሞ ግድግዳ ተጠግቶ ነው የሚቀመጠው። ፊታችሁን ወደ ግድግዳው አዙራችሁ ስትቀመጡ አምፖሉ ከኋላችሁ ይቀራል፣ የራሳችሁና የትከሻችሁ ጥላም ሄዶ ኖታው ላይ ያርፋል። ብዙ ሰው ይህን ጊዜ አምፖሉን በትልቅ ይቀይራል። ክፍሉ ይደምቃል፣ ጥላው ግን እዚያው ነው፤ እንዲያውም ዙሪያው ስለደመቀ ብሶበት ይታያል።

ለማረጋገጥ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ማታ ኖታ ዘርግታችሁ ተቀመጡ፣ ከዚያ ተነስታችሁ ወደ ጎን ቁሙ። ገጹ ወዲያው ከፈካ ችግሩ የአምፖሉ ጉልበት አይደለም፣ እናንተ ናችሁ። መፍትሔውም የብርሃኑን ቦታ መቀየር ነው። ከፊታችሁና ከላይ መጥቶ ገጹን የሚያበራ፣ እሱ ራሱ ግን ዓይናችሁ ውስጥ የማይገባ መብራት ነው የምትፈልጉት። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው ማለት ይቻላል።

"የፒያኖ መብራት" ታዲያ ከጠረጴዛ መብራት በምን ይለያል?

በክንዱ። ኖታው የሚደገፈው ፒያኖው ፊት ላይ ነው። ተራ የጠረጴዛ መብራት ግን የምታስቀምጡት ፒያኖው አናት ላይ ስለሆነ የሚያበራው የወረቀቱን ጀርባና ግድግዳውን ነው። ለፒያኖ ተብሎ የተሠራው ከባድ መቀመጫ አለው፤ ክንዱ ከ35 እስከ 55 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ እናንተ ተዘርግቶ ከኖታው አልፎ ይወጣና ዞሮ ገጹን ያያል። ቆቡም አብዛኛውን ጊዜ ክብ አይደለም፣ አግድም የተኛ ረዘም ያለ ቱቦ ነው። ጎን ለጎን የተዘረጉ ሁለት ኤ4 ገጾች 42 ሳንቲ ሜትር ወርድ አላቸው፣ ክብ ቆብ መሃሉን አድምቆ ዳርና ዳሩን ይረሳዋል።

ክንዱ ከኋላ ጫፉ ላይ ማመዛዘኛ ክብደት ያለበት፣ እንደ ሚዛን የሚሠራም አለ። እኔ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው፣ ወደፊትም ወደኋላም እየገፋችሁ ማስተካከል ስለምትችሉ። ኖታ ማስቀመጫው ላይ የሚነክሰው ቆንጣጭ መብራት ርካሽ ነው፣ ቦርሳ ውስጥም ይገባል፤ ከበድ ካለ ግን ቀጭን ማስቀመጫን ያዘምመዋል። መሬት ላይ የሚቆም ባለ ረጅም ክንድም አለ። ክፍሉ ሰፊ ከሆነ ደስ ይላል፣ ልጆች ባሉበት ቤት ግን በሳምንቱ ይወድቃል።

ያ አረንጓዴ የመስታወት ቆብ ያለው፣ ፊልም ላይ ባንክ ቤት ውስጥ የምናየውስ? ያምራል። አታምጡት።

ጅማ ውስጥ የት አገኛለሁ?

ጅማ ሙላቱ አስታጥቄ በ1936 ዓ.ም. የተወለደባት ከተማ ናት፣ ግን ሱቅ ገብታችሁ "የፒያኖ መብራት" ብትሉ ሻጩ ግራ ገብቶት አምፖል ያወጣላችኋል። ሂርማታ ገበያን ዞሬ ዞሬ አውቀዋለሁ። ስሙን ተዉትና የምትፈልጉትን ነገር ንገሩት፦ አንገቱ የሚተጣጠፍ፣ ቆንጣጭ ያለው፣ ኤልኢዲ የሆነ የማንበቢያ መብራት። ይሄ አለ። የጥናት መብራት ብለው ለተማሪዎች የሚሸጡት ውስጥ ረዘም ያለ ራስ ያለው ካገኛችሁ ከዋናው ብዙም አይተናነስም። ወይም ደግሞ ታሠራላችሁ፣ ከታች እመጣበታለሁ።

ስንት ዋት ልግዛ?

ዋቱን ተዉት። ዋት የሚነግራችሁ የሚበላውን ኤሌክትሪክ ነው፣ የሚሰጠውን ብርሃን የሚነግራችሁ ሉመን ነው። የድሮው 60 ዋት አምፖል ከ700 እስከ 800 ሉመን ገደማ ይሰጥ ነበር፣ ኤልኢዲ ያንኑ በ8 ወይም በ9 ዋት ይሰጣል። የፒያኖ መብራት ቅርብ ስለሆነ ያን ያህል እንኳ አያስፈልገውም፣ ከ300 እስከ 500 ሉመን ይበቃል።

ከጉልበቱ ይልቅ ርቀቱ ነው ቁም ነገሩ። ከአንድ ትንሽ መብራት ያላችሁን ርቀት እጥፍ ብታደርጉት የሚደርሳችሁ ብርሃን በግማሽ አይደለም የሚቀንሰው፣ ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ ሌላ ከመግዛታችሁ በፊት ያለውን አንድ ስንዝር አስጠጉት።

ስልካችሁ ላይ የብርሃን መለኪያ አፕ ጭናችሁ ስልኩን ኖታው ላይ አስደግፋችሁ ለኩ። እንደ መለኪያ መሣሪያ ትክክል አይሆንም፣ ለማነጻጸር ግን በቂ ነው። ከ300 እስከ 500 ሉክስ (ገጹ ላይ የሚያርፈው ብርሃን መለኪያ) ካሳያችሁ ጥሩ ነው። መሃሉን ብቻ አትለኩ፣ አራቱንም ማዕዘን ለኩ። መሃሉ 500 ሆኖ የቀኝ ገጽ ታችኛው ጥግ 90 ከሆነ ልጁ እዚያ ሲደርስ የሚሳሳተው ሰንፎ አይደለም።

አባቴ ጡረታ ወጥተው ኪቦርድ ጀምረዋል። እኔ ደህና ነው ያልኩትን ብርሃን "ጨለማ ነው" ይላሉ።

እሳቸው ልክ ናቸው። በ60 ዓመት ወደ ዓይን ውስጠኛው ክፍል የሚደርሰው ብርሃን በ20 ዓመት ከሚደርሰው ሲሶው ገደማ ነው፤ የዓይን ብሌን ይጠባል፣ ሌንሱም ቢጫማ ይሆናል። ስለዚህ ለእሳቸው እስከ 700 እና 800 ሉክስ ብታደርጉት አልበዛም፣ ነጸብራቅ እስካልፈጠረ ድረስ።

ሌላም አለ። የቅርብ ማንበቢያ መነጽር የሚታዘዘው መጽሐፍ በእጅ ይዞ ለማንበብ፣ ለ40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ኖታው ደግሞ ከዓይን 60 እና 70 ሳንቲ ሜትር ይርቃል። አባትዎ አንገታቸውን ወደፊት እያሰገጉ የሚጫወቱ ከሆነ ነገሩ የመብራት ሳይሆን የመነጽር ሊሆን ይችላል። ርቀቱን በሜትር ለክታችሁ ቁጥሩን ለዓይን ሐኪም ንገሩት። "ፒያኖ እጫወታለሁ" ብቻ ከተባለ ሐኪሙ ርቀቱን ከየት ያውቀዋል?

ነጭ ነው ቢጫ?

ለማታ ቢጫማው። ካርቶኑ ላይ 2700 ወይም 3000 ኬልቪን (የብርሃኑ ቀለም መለኪያ) የሚለውን ፈልጉ፣ ሱቆቹ "ዋርም" ይሉታል። 4000ውም አይከፋም፤ ወረቀቱ ነጣ ብሎ፣ ኖታው ጠቆር ብሎ ይታያል። 6500 የሚለው ሰማያዊ የሚመስለው ነጭ ግን ማታ ሳሎን ውስጥ የክሊኒክ ስሜት ነው ያለው፣ ለእንቅልፍም ጥሩ አይደለም።

ለጅማ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለኝ። ዝናብ ሲጀምር ማታ መስኮት ከፍታችሁ ነጭ መብራት አብሩና እዩት። "እንደ አሸን ፈላ" የሚባለው ያኔ ይገባችኋል፣ ምክንያቱም አሸኑ ራሱ ነው የሚመጣው። ክንፉን እያራገፈ ቁልፎቹ መሃል ይገባል። አንድ ተማሪዬ ሙሉ ትምህርቱን ክንፍ በመልቀም ጨርሶታል። ነፍሳትን ይበልጥ የሚስበው ሰማያዊው የብርሃን ክፍል ስለሆነ ቢጫማው አምፖል ይቀንሰዋል። ይቀንሰዋል አልኩ እንጂ አያስቀረውም፣ መስኮቱንም ዝጉ።

ግማሽ ሰዓት ስጫወት ራሴን ያመኛል። ከመብራቱ ይሆን?

ሊሆን ይችላል። የእኛ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፣ በደንብ ያልተሠራ ኤልኢዲ ደግሞ ይህን ተከትሎ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ዓይን አያየውም፣ ግን አንዳንድ ሰው ላይ ድካምና ራስ ምታት ያመጣል። የስልካችሁን ካሜራ ከፍታችሁ ወደ መብራቱ አስጠጉት። ስክሪኑ ላይ ጥቁር መስመሮች ከተንሸራተቱ ይርገበገባል ማለት ነው። ስልክ የማትፈልጉ ከሆነ እርሳስ ይዛችሁ መብራቱ ሥር በፍጥነት አወዛውዙት፤ እርሳሱ እንደ ማራገቢያ ተቆራርጦ ብዙ ሆኖ ከታየ ያው ነው። በባትሪ የሚሠሩት አብዛኞቹ ይህ ችግር የለባቸውም። ዲመር (ብርሃን መቀነሻ) ያላቸው ርካሽ መብራቶች ግን ሲደበዝዙ ይብስባቸዋል፣ ስለዚህ ሙሉ ለሙሉ አብርታችሁ ብቻ ሳይሆን ቀንሳችሁም ፈትኑት።

ካልተርገበገበና አሁንም ካመማችሁ አምፖሉ ራሱ ይታያችሁ እንደሆነ ተመልከቱ። ተቀምጣችሁ ቀና ስትሉ የሚነደውን ነገር በዓይናችሁ ካያችሁት ቆቡ አጥሯል ወይም ክንዱ ከፍ ብሏል።

ፒያኖዬ ጥቁርና አብረቅራቂ ነው፣ መብራቱ ተመልሶ ዓይኔ ውስጥ ይገባል።

መስታወት ነው በሉት። ብርሃን በመጣበት ማዕዘን ነው የሚመለሰው፣ ስለዚህ መብራቱን ማደብዘዝ ብዙም አይረዳም፣ ማንቀሳቀስ ነው። ክንዱን ትንሽ ወደ እናንተ አምጡትና ቆቡን ወደ ኖታው መልሳችሁ አዘንብሉት። ያኔ ነጸብራቁ ወደ ጉልበታችሁ ይወርዳል። አንድ ሰው ተቀምጦ፣ ሌላው መብራቱን እያንቀሳቀሰ ቢሆን በሁለት ደቂቃ ቦታው ይገኛል። ብቻችሁን ከሆናችሁ ግን አስር ጊዜ ትነሳላችሁ።

ኖታችሁ ፎቶ ኮፒ ከሆነ (የማን አይደለም?) ላስቲኩ ውስጥ አድርጋችሁ አታስቀምጡት። ዝናብ እንዳይነካው ብላችሁ ነው፣ ይገባኛል፤ መብራት ሥር ግን ላስቲክ ከፒያኖው ብሶ ያበራል። ስትጫወቱ አውጡት።

አንድ ቁልፍ ስነካ ብቻ የሆነ ነገር ይንጫረራል። ፒያኖው ተበላሸ?

ፒያኖ ቃኚ ከመጥራታችሁ በፊት መብራቱን ያዙት። የምሬን ነው። ፒያኖ ሲመታ ሰውነቱ ሁሉ ይንቀጠቀጣል፣ ላዩ ላይ ያለ ማንኛውም ልል ነገር ደግሞ የራሱ ድምፅ ጋ ሲደርስ አብሮ ይዘፍናል። እኔ ራሴ ሁለት ሳምንት ሙሉ "ዝዝዝ" የሚል ድምፅ ከታችኛው ሬ ውስጥ ስፈልግ ከርሜ፣ የታችኛውን ሰሌዳ ፈትቼ፣ በባትሪ እያበራሁ አቧራ ውስጥ ተንበርክኬ፣ በመጨረሻ እናቴ ቡና ይዘው ገብተው ስኒ ሊያስቀምጡ መብራቱን ገፋ ሲያደርጉት ድምፁ ጠፋ። የቆቡ ብሎን ላልቶ ነበር።

አፈላለጉ ይኸው፦ ከታች ጀምራችሁ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ምቱ። ሲንጫረር ያንኑ ቁልፍ እየደጋገማችሁ ሌላ ሰው መብራቱን፣ ፎቶውን፣ የአበባ ማስቀመጫውን በየተራ በእጁ ይያዝ። ሲያዝ ዝም ያለው እሱ ነው። ብሎኑን አጥብቁ፣ መቀመጫው ሥር ወፍራም ሱፍ ጨርቅ አድርጉ።

ጎማ እግር አለውኮ፣ ጨርቅ ለምን?

እንዳትሞክሩት። ጎማና ለስላሳ ፕላስቲክ ውስጥ ያለው ማለስለሻ ኬሚካል ከጊዜ ጋር ወደ ቫርኒሹ ይሰርጋል። የእኔ ፒያኖ አናት ላይ አራት ክብ ምልክቶች አሉ፣ በዘይትም በሎሚም አልለቀቁም፣ ሰው ሲጠይቀኝ "ዲዛይን ነው" እላለሁ። ያ ሁሉ የስምንት ወር ሥራ ነው። የአሮጌ ብርድ ልብስ ቁራጭ ይበቃል። ቀለም የሚለቅ ጨርቅ እንዳይሆን ግን እርጥብ ነጭ ጨርቅ ላይ ጫን አድርጋችሁ እዩት።

ሙቀትም ያው ነው። የድሮው ባለ ሽቦ አምፖል የሚበላውን ኤሌክትሪክ አብዛኛውን ወደ ሙቀት ነው የሚቀይረው፣ ሃሎጅን ደግሞ ጨርሶ እሳት ነው። ከተወለወለ እንጨት በላይ አንድ ስንዝር ላይ በየማታው ቢበራ ቫርኒሹ ይሰነጠቃል። ኤልኢዲ ግዙ፣ ጣጣ የለውም።

መብራት ሲጠፋስ?

ይጠፋል እንጂ። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ ግልገል ጊቤን ታገኛላችሁ፣ የመጀመሪያው ማመንጫ ብቻ 184 ሜጋዋት ነው። እኔ ግን ለውጤት ማሳያችን ስንለማመድ ስንት ማታ በስልክ ባትሪ ጨርሻለሁ።

ስለዚህ ጅማ ላለ ሰው የመጀመሪያ ምክሬ በዩኤስቢ የሚሠራ መብራት ነው። ፓወር ባንክ ላይ ይሰካል፣ ቻርጀር ላይም ይሰካል። ሒሳቡ ቀላል ነው። 10,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚል ፓወር ባንክ ውስጡ 37 ዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል፣ ሲቀያየር የሚባክነውን ቀንሱና 30 በሉት። መብራታችሁ 5 ዋት ከሆነ 6 ሰዓት። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር እውነት ከሆነ ማለቴ ነው፣ ይሄ ደግሞ ሌላ ወሬ ነው። አንዳንድ ፓወር ባንክ በጣም ትንሽ መብራት ሲሰካበት "ምንም አልተሰካም" ብሎ ራሱን ያጠፋል። በየደቂቃው የሚጠፋባችሁ ከሆነ መብራቱ ጤነኛ ነው፣ ፓወር ባንኩን ቀይሩ።

ግድግዳ ላይ የሚሰካ መብራት ካላችሁ ሲጠፋ ንቀሉት። ብዙ አዳፕተር የሚሞተው መብራት ሲጠፋ አይደለም፣ ሲመጣ ነው።

ሻማስ? ድሮ በሻማ አልነበር የሚጫወቱት?

ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠሩ ብዙ ቋሚ ፒያኖዎች ፊታቸው ላይ ግራና ቀኝ የናስ ሻማ ማስቀመጫ ነበራቸው፣ እንደ በር እየዞሩ የሚከፈቱ። አሮጌ ፒያኖ ካጋጠማችሁ ፊቱን ተመልከቱ። ሁለት የተደፈኑ ቀዳዳዎች ወይም የብሎን ጠባሳዎች ካያችሁ ቦታቸው እዚያ ነበር። ሲያስቡት ጎበዞች ነበሩ፦ ብርሃኑ ከፊት፣ ከሁለት ወገን፣ ተንቀሳቃሽ። ዛሬም የምንፈልገው ያንኑ ነው።

ሻማውን ግን አልመክርም። ሰሙ ቁልፎቹ መሃል ይገባል፣ ወረቀት አጠገቡ አለ፣ መጋረጃ አለ። ኩራዝ ደግሞ ጥላሸቱን ፒያኖው ላይ ነው የሚተወው።

ከአሜሪካ የመጣልኝን መብራት ሶኬቱን ቀይሬ ብሰካውስ?

ቆይ! ሶኬት መቀየር ቮልት አይቀይርም። እዚያ 120 ቮልት ነው፣ እዚህ 220። መጀመሪያ አዳፕተሩ ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብቡ። "100-240" የሚል ካለ ሰላም ነው፣ ማያያዣ ብቻ ይበቃችኋል። "120" ብቻ ከሆነ ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ዘመድ ከመላኩ በፊት ንገሩት፦ በዩኤስቢ የሚሠራውን ላክ። አንዲት እናት እህታቸው የላኩላቸውን የናስ መብራት ሰክተው "ጭው" ብሎ ቀረ። እስካሁን ፒያኖው ላይ አለ፣ ለጌጥ።

ኪቦርድ ነው ያለኝ። መብራቱን ስሰካ ስፒከሩ ላይ "እምም" ይላል።

ርካሽ የኤልኢዲ አዳፕተሮች የኤሌክትሪክ ጫጫታ ይረጫሉ። መብራቱና ኪቦርዱ አንድ ዲቫይደር ላይ ከሆኑ ለዩአቸው፣ መብራቱን ሌላ ግድግዳ ላይ ስኩት። ካልተወ በፓወር ባንክ ሞክሩት፣ ዝም ካለ ጥፋተኛው አዳፕተሩ ነው። ኪቦርዱ ላይ ያለችውን የዩኤስቢ ቀዳዳ ለመብራት አትጠቀሙባት። ለፍላሽ የተሠራች ናት፣ አቅሟ ትንሽ ነው።

ኪቦርድ አናቱ ላይ ከባድ ነገር አይሸከምም፣ ስለዚህ ቆንጣጭ መብራት ነው የሚሆናችሁ። ከኖታ መደገፊያዋ ፕላስቲክ ይልቅ ከኋላው ያለ መደርደሪያ ወይም ለብቻው የቆመ የኖታ ማቆሚያ ላይ ቆንጥጡት።

አናጺ ሊሠራልኝ ይችላል?

እንዴታ! ባርጩማ ከአንድ ግንድ ፈልፍሎ የሚያወጣ ሰው ባለበት ከተማ አንድ የመብራት ክንድ ያቅተናል? የእኔ ሁለተኛው መብራት እንዲህ ነው የተሠራው። መቀመጫው የዋንዛ ጣውላ ነው፣ ሥሩ ተቦርቡሮ ብረት ገብቶበታል። ክንዱም ዋንዛ ነው፣ ጫፉ ላይ ከአሮጌ የጥናት መብራት የተነቀለ የኤልኢዲ ራስ ታስሯል። አናጺው መጀመሪያ ሳቀብኝ፣ ከዚያ ለራሱ አልጋ አንድ ሠራ።

የሚያስቸግረው ሚዛኑ ነው። ወደፊት እንዳይደፋ ስሌቱን እንዲህ አድርጉት። የመብራቱ ራስ 200 ግራም ቢሆንና ከመቀመጫው የፊት ጠርዝ 40 ሳንቲ ሜትር ቢወጣ፣ 200 በ40 ሲባዛ 8,000 ነው። መቀመጫው 2 ኪሎ ቢሆንና የክብደቱ መሃል ከዚያው ጠርዝ 8 ሳንቲ ሜትር ወደኋላ ቢሆን፣ 2,000 በ8፣ 16,000። የኋላው የፊቱን እጥፍ ነው፣ አይደፋም። የክንዱ የራሱ ክብደትም ስላለ ከእጥፍ በታች አትውረዱ። ድመት ካላችሁ ሦስት እጥፍ አድርጉት።

እንጨቱ የደረቀ ይሁን። እርጥብ ጣውላ በበጋ ይጣመምና ክንዱ ወደ ጎረቤት ያያል። ሽቦው በክንዱ ሥር በቦይ ይሂድ፣ ከላይ ተንጠልጥሎ ኖታ ላይ እንዳይወድቅ። እና በዩኤስቢ በ5 ቮልት የሚሠራ ራስ ምረጡ፣ እንጨት ውስጥ 220 ቮልት ማስገባት የአናጺ ሥራ አይደለም።

በክረምት ቁልፎቹ ይጣበቃሉ። ፒያኖው ውስጥ አምፖል ብናበራ ይደርቃል አሉኝ።

ይህን የሚያደርጉ ሰዎች አሉ፣ ሐሳቡም ከመሬት የተነሳ አይደለም። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች፣ ዝናብ የማይለቃት ከተማ ናት። እንጨቱና ሱፉ እርጥበት ይጠጣሉ፣ ያብጣሉ፣ ቁልፉ ወርዶ አይመለስም። ትንሽ ሙቀት ውስጡ ያለውን አየር ያደርቀዋል።

ግን አምፖል አታስገቡ። ውስጡ ሱፍና የዓመታት አቧራ ነው፣ የጋለ መስታወት ከዚያ ጋር አይኖርም። ሌላው ደግሞ አምፖል የሚያሞቀው አንድ ቦታ ነው፣ ከክሮቹ ጀርባ ያለው የድምፅ ሰሌዳ ከአንድ ወገን ብቻ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ለዚሁ ተብሎ የሚሠራ፣ ዘንግ የሚመስል አነስተኛ ዋት ያለው ማሞቂያ አለ፣ ከእርጥበት መቆጣጠሪያ ጋር፤ ሲደርቅ ራሱ ይጠፋል። ካላገኛችሁ ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ገዝታችሁ ክፍሉን ከ40 እስከ 60 በመቶ መሃል ለማቆየት ሞክሩ፣ ፒያኖውን ከውጭው ግድግዳ አርቁት፣ ፀሐይ ስትወጣ ክፍሉን አናፍሱት። ኤልኢዲ ግን ውጭም ውስጥም ቢሆን ምንም አያደርቅም፣ በዚህ አትድከሙ።

ቁልፎቹንም ማብራት አለብኝ?

ጀማሪ ከሆናችሁ አዎ። መብራቱ ከአንድ ጎን ብቻ ሲመጣ ጥቁሮቹ ቁልፎች ነጮቹ ላይ ጥላ ይጥላሉ፣ ልጆችም ጥላውን ቁልፍ አድርገው ይመቱታል። ስለዚህ መሃል ላይ አድርጉት። 88 ቁልፍ 122 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ አንድ መብራት ጫፍ እስከ ጫፍ እኩል አያበራም፣ አይጠበቅበትምም። የኮርኒሱን አምፖልም አታጥፉት። ጨለማ ክፍል ውስጥ አንድ የደመቀ ወረቀት ላይ ማፍጠጥ ነው ዓይን የሚያደክመው።

ኖታዬ ታብሌት ላይ ነው።

እንግዲያው መብራቱን ወደ ቁልፎቹ ብቻ አዙሩት። ስክሪኑ የራሱ ብርሃን አለው፣ ከላይ ስታበሩበት አምፖሉን ነው የምታነቡት።

ግራንድ ፒያኖ ነው ያለን፣ የትኛው ይሆናል?

ከኖታ ማስቀመጫው ጎን ባለው ጠፍጣፋ ቦታ ላይ የሚቀመጥ፣ ክንዱ ወደ መሃል የሚዞር። ጅማ ውስጥ ግራንድ ፒያኖ ያላችሁ ከሆነ ደግሞ ንገሩኝ፣ ቡናውን እኔ ይዤ እመጣለሁ።

ቃኚ ሲመጣ መብራቱን ላንሳው?

ላዩ ላይ ያለውን ሁሉ አንሱለት። መክደኛው ካልተከፈተ ሥራ አይጀመርም፣ ያን ጊዜ ደግሞ የሠርግ ፎቶና የፕላስቲክ አበባ ሲያወርድ ሩብ ሰዓት ይሄዳል። መብራቱን ግን ከነፓወር ባንኩ አጠገቡ ተዉለት። ከ200 በላይ ክር በየተራ የሚነካ ሰው ነው፣ ውስጡ ደግሞ ጨለማ ነው።